ሚስተር ቢንን ደግሜ የማየው ለምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢው፣ አንቺን ነው የሚመለከተው» ብላ። አነበብኩት። እውነትም እኔን ነው የሚመለከተው።

ጸሐፊው የጻፉት የድሮ አስቂኝ ተከታታይ ድራማዎችን፣ ሲትኮም የሚባሉትን፣ ደጋግመው ስለሚያዩ ሰዎች ነው። ምሳሌያቸው ሚስተር ቢን የሚባለው የእንግሊዝ ሲትኮም ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ያዩትን መልሶ ማየት ጊዜ ማባከን ነው። ሚስተር ቢን የልጆች ነገር ነው፤ ፊት ማጣመም እንጂ ትወና የለበትም። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ከዚያ ገጸ ባሕሪ ውጭ ሌላ መልክ ስለሌለው ሌሎች ሥራዎቹን ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው። የፈረንጅ ሳቅ ከኛ ኑሮ ጋር አይገናኝም። በመጨረሻም፣ በነሱ ስንስቅ የራሳችንን ሰዎች ረስተናል።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም። ሰውየው አስበው ነው የጻፉት። ስለዚህ እኔም አስቤ ልመልስ። መጀመሪያ ግን ነገሩ እኔ ቤት እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት፣ ከተማው አልቆ ሜዳው የሚታይበት ጋ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ከሁለት ወር በፊት አያቴ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። እኛ እቴቴ ነው የምንላቸው። ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ደግፈው ደረጃውን አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ አልወረዱም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ከታች ኳስ የሚያባርሩ ልጆችን ያያሉ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት ደግሞ በአማርኛ የተተረጎሙት የውጭ ድራማዎች ይፈጥኑባቸዋል። «ይቺ የማን ሚስት ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። መልስ ሳልሰጥ ታሪኩ ሌላ ቤት ገብቷል።

ከብሎካችን ሥር ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። ፍላሼን ሰጠሁትና «ወሬ የማይበዛበት፣ ለሽማግሌ የሚሆን፣ የሚያስቅ ነገር ጫንልኝ» አልኩት። ትንሽ እንኳን አላሰበም። «ሚስተር ቢን ነዋ!» አለኝ።

እንግዲህ ወደ ጽሑፉ ልመለስ።

ጊዜ ማባከን ስለሚለው። ሚስተር ቢን በጠቅላላው 15 ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሁሉም ቢደመር ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። እኔ ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሼ ስመለስ፣ የታክሲውን ሰልፍ ጨምሮ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት መንገድ ላይ ይበላብኛል። ከጊዜዬ ላይ የሚቀነስ ነገር ካለ እሱ ይቀነስልኝ።

ደግሞስ መቼ ነው መድገም በኛ ዘንድ ነውር የሆነው? የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው እስኪ ማን አለ? ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አህያዋን ይዞ ስለሚሄደው ሰው የተናገሩትን አንዱ ሊያወራ ሲጀምር «ሰምቼዋለሁ» የሚል የለም። «እስቲ ድገመው» ነው የሚባለው። የምንጠብቀው የቀልዱን መጨረሻ አይደለም። ተራኪው እንዴት እንደሚያደርሰን ነው። ቡናውንም አቦል ጠጥተን አንነሳም፤ ቶና አለ፣ በረካ አለ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪም ያጠናውን ሳይከልስ ወደ ሌላ አይሻገርም።

የራሴን ልንገራችሁ። ሚስተር ቢንን መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ ጉለሌ፣ ዴክ የነበራቸው ጎረቤታችን ቤት ነው። አሥር የምንሆን ልጆች ሲሚንቶው ላይ ተደርድረን። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ፈተና ሊፈተን ይገባል። እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ይደረድራል፣ አሻንጉሊት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያቆማል። ያኔ እኛ በእስክሪብቶዎቹ ብዛት ነው የሞትነው። ከዚያ ወረቀቱን ሲገልጠው ያጠናው አይደለም። ዙሪያውን ያያል። ሁሉም ይጽፋል። ከጎኑ ካለው ሰው ለመኮረጅ ያልሞከረው ነገር የለም።

ዘንድሮ ያንኑ ሳየው እስክሪብቶዎቹ ላይ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ያቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። ሁሉም አቀርቅሮ መጻፍ ሲጀምር ሚስተር ቢን ቀና ብሎ የሚቀርባት ያቺ ቅጽበት። እኔም የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ላይ ወረቀቱን ገልጬ እንደዚያ ቀና ብያለሁ። የክፍሉን ዝምታ አስታውሰዋለሁ፤ የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ። ሚስተር ቢን ያጠናው ፈተና እዚያው ፖስታው ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር የሚያውቀው ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ቀልድ ነበር። አሁንም ቀልድ ነው፣ ግን ሆዴን ያዝ ያደርገዋል። ፊልሙ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። መልሼ ካላየሁት ይህን በምን አውቀዋለሁ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፊት ማጣመም ነው ወደሚለው። በጣም ያልተስማማሁት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ክፍል አለ፤ ሁላችሁም ሳታስታውሱት አትቀሩም። ሚስተር ቢን ብቻውን ጥሩ ልብስ ለብሶ ምግብ ቤት ይገባል። ስቴክ ታርታር የሚባል ነገር ያዛል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ሲመጣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ነው። መብላት አቃተው፣ መመለስ ደግሞ አፈረ። ስለዚህ መደበቅ ይጀምራል። የሰናፍጭ ዕቃው ውስጥ። ዳቦው ውስጥ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ። ቫዮሊን እየተጫወተ ጠጋ ያለው ሰውዬ ሱሪ ውስጥ።

እቴቴ ሥጋው ሲመጣ ጠጋ ብለው አዩት። «ክትፎ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው፣ የነሱ ክትፎ በሉት። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚያንገሸግሸው? ቅቤ አላገባችበትም መሰለኝ ባለሙያዋ።» ያን ምሽት ቤታችን በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቶች የሰሙን ይመስለኛል።

ግን ልጽፍበት የፈለግኩት ከሥጋው በፊት ስላለችው አንዲት ደቂቃ ነው። እኔ በልጅነቴ ፈጽሞ አላስተዋልኳትም። ሚስተር ቢን ወንበሩ ላይ ከተደላደለ በኋላ ከኪሱ ካርድና ፖስታ ያወጣል። ካርዱ ላይ ይጽፋል። ፖስታው ውስጥ ያስገባዋል፣ ያሽገዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ገና አሁን እንዳየው ሰው ሆኖ ያነሳዋል። ይከፍተዋል። ደስ ይለዋል። የልደት ካርድ ነው። ከራሱ ለራሱ።

እቴቴ እዚህ ጋ አልሳቁም። «ለማን ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ለራሱ ነው፣ ልደቱ ስለሆነ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ይሄ ልጅ ሰው የለውም?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ሁሉንም ክፍሎች እንደገና ያየኋቸው። እውነትም ሰው የለውም። እናት የለችም፣ ወንድም የለም፣ ቤቱ የሚመጣ ጎረቤት የለም። የሚያወራው ቴዲ ከሚባለው ከክር የተሠራ ድብ አሻንጉሊቱ ጋር ነው። አንዲት የሴት ጓደኛ አለችው፤ በገና ክፍል ላይ ቀለበት ስትጠብቅ የማይሆን ነገር ሰጥቷት ጥላው ትሄዳለች። የአብዛኞቹን ክፍሎች አጀማመር ደግሞ ልብ በሉ። ጨለማ መንገድ ላይ ከሰማይ የብርሃን ዓምድ ይወርዳል፣ ሰውየው ከላይ ዱብ ይላል። መዘምራኑ የሚዘምሩት በላቲን ነው። ትርጉሙ «እነሆ ባቄላ የሆነው ሰው» ማለት ነው። ቢን ማለት ባቄላ ነውና። ለእቴቴ ስነግራቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ «አቶ ባቄላ» ብለው ነው የሚጠሩት።

ጸሐፊው ፊት ማጣመም ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው። ያቺን የካርድ ደቂቃ ያለ አንድ ቃል ለአንዲት እንግሊዝኛ ለማያውቁ የገጠር እናት ያደረሰው ፊት ነው። አፍ ዝም ብሎ ፊት ብቻ «ብቸኛ ነኝ፣ ግን ዛሬ ልደቴ ነው» ሲል፣ ይህ ትወና ካልሆነ ትወና ምንድን ነው?

ደግሞ በዘፈቀደ የተሠራ ነገር አይደለም። አትኪንሰን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነበር። መጀመሪያ ኒውካስል፣ ቀጥሎ ለሁለተኛ ዲግሪው ኦክስፎርድ። ሥጋውን የሚደብቅበትን ትዕይንት ቆም እያደረጋችሁ እዩት። አስተናጋጁ መቼ ዞር እንደሚል፣ ሹካው መቼ እንደሚነሳ፣ ፈገግታው መቼ እንደሚመጣ ሁሉም በልክ ነው። አንዷ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ሳቁ ይፈርሳል። ለመምሰል የሚከብድ ነገር ነው። የብሎካችን ልጆች ሁሉ ሚስተር ቢንን ለማስመሰል ይሞክራሉ። ፊታቸው ይጣመማል፣ ሳቁ ግን አይመጣም።

ሌላም ነገር አለ። አትኪንሰን ምላሱ የሚይዘው፣ የሚንተባተብ ሰው ነው። ይህን ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን ግን እንደሚለቀው ገልጿል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የሚስተር ቢን ዝምታ ለኔ ሌላ ክብደት አለው። የወንድሜ ልጅ ይንተባተባል። ትምህርት ቤት ሲስቁበት አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው ስነግረው «ሚስተር ቢን? የምርሽን ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ከሚስተር ቢን ሌላ መልክ የለውም የሚለውን ደግሞ እንይ።

ብላክአደር የሚባል የእንግሊዝ ሲትኮም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮ በ1989 ያበቃ፣ አራት ምዕራፍ ያለው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሌላ ዘመን ላይ ነው። አንዱ በመካከለኛው ዘመን ነው፣ አንዱ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ፣ የመጨረሻው በ1917 የአንደኛው ዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ። አትኪንሰን በሁሉም ዋናው ሰው ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ያለው ብላክአደር ምላሱ ምላጭ ነው። ያለ ማቋረጥ ያወራል። ስድቡ ራሱ ቅኔ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ስለሆነ ከሥሩ የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ፣ እቴቴ ከተኙ በኋላ ነው ያየሁት።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ወታደሮቹ ከምሽግ ወጥተው ወደ ጠላት መትረየስ እንዲሮጡ ታዘዋል። ካፒቴን ብላክአደር ከዚህ ለማምለጥ እብድ መስሎ ይቀርባል። የውስጥ ሱሪ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ፣ አፍንጫው ውስጥ ሁለት እርሳስ ሰክቶ። እዚህ ጋ ሚስተር ቢንን ታዩታላችሁ። ግን አይሳካለትም። ሰዓቱ እየቀረበ ሲመጣ ቀልዱ እየሳሳ ይሄዳል። ከጎኑ የማይለየው ወታደሩ ባልድሪክ እንደ ልማዱ ዘዴ አለኝ ይለዋል። ካፒቴኑ ዘዴውን ለመስማት ጊዜ እንደሌለ ያውቃል። ለሁሉም መልካም ዕድል ተመኝቶ ፊሽካውን ይነፋል። ይወጣሉ። ጭሱና እሳቱ ቀስ ብሎ ይደበዝዝና ቀይ አበባ የሞላበት ሜዳ ይሆናል። በቃ። እኛ በየቤታችን ከጦርነት ያልተመለሰ ሰው የምናውቅ ሰዎች ነን። ያን ሌሊት ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ቀኑን ተመልከቱ። ይህ ክፍል የተላለፈው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1989 ነው። የሚስተር ቢን የመጀመሪያ ክፍል የተላለፈው ጥር 1 ቀን 1990 ነው። በመካከሉ ያለው ሁለት ወር ብቻ! በሀገሩ ቴሌቪዥን ላይ በምላሱ ሹልነት ሰውን ሁሉ ያሳቀ ተዋናይ፣ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የማይወጣው ሰው ሆኖ መጣ። ይህን ሳውቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ሚስተር ቢን ዝም ያለው ተዋናዩ የሚናገረው ስለሌለው አይደለም። ሁሉንም መሣሪያውን አውቆ አስቀምጦ በባዶ እጁ ነው የገባው። ሌሎቹን ሥራዎቹን ካላያችሁ ምን ያህል እንዳስቀመጠ አታዩትም። ፍለጋውን ከንቱ ድካም ያሉት ጸሐፊ እዚህ ላይ ቢመለሱ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ላየን ኪንግን ያላየ ልጅ የለም። የንጉሡ ባለሟል የሆነው ወፍ፣ ዛዙ፣ በ1994ቱ ፊልም ላይ ድምፁ የአትኪንሰን ነው። የጎረቤቴ ልጅ አላመነኝም። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ አደረግኩት። በዚያው ዓመት በወጣ አንድ የሠርግ ፊልም ላይ ደግሞ ገና አዲስ የተሾመ ቄስ ሆኖ የሙሽሮቹን ስም እያደበላለቀ ያጋባል። ትንሽ ቦታ ናት፣ ግን የቃላት መደነቃቀፍን እንዲህ በጥንቃቄ የሚሠራው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

በጣም የገረመኝ ሜግሬ ነው። ሜግሬ የፈረንሳይኛው ደራሲ የዦርዥ ሲምኖን የታወቀ የፖሊስ መርማሪ ነው። አትኪንሰን በ2016 እና በ2017 አራት ፊልም ላይ ሜግሬን ሆኗል። አንድ ቀልድ የለም። ከባድ ካፖርት፣ ፒፓ፣ ዝግ ያለ እርምጃ። አንድ ቅዳሜ እቴቴ እያሉ ከፈትኩት። ተጠግተው አዩ። ፒፓውን ሲለኩስ፣ የሞተባትን እናት ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አደገ እኮ!» አሉ።

አዎ፣ ይህ ሁሉ ሥራው እኩል አይደለም። እዚህ ላይ ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ። ጆኒ ኢንግሊሽ የሚባሉት ሦስት ፊልሞች ለኔ ሦስት ጊዜ የተነገረ አንድ ቀልድ ናቸው። በ2022 የወጣው፣ ከአንዲት ንብ ጋር የሚጣላበት ተከታታይም ቢሆን ሁለት ክፍል አሳቀኝና ሰለቸኝ። የሚስተር ቢን ካርቱንም ለልጆች ነው፤ ለነሱ ይሁን። ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ሁሉም ባይሰምርለት የሰመረው አይሰረዝም።

የፈረንጅ ሳቅ ነው፣ ከኛ ጋር አይገናኝም የሚለው ብዙ መልስ የሚፈልግ አይመስለኝም። ክትፎውን ነግሬያችኋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባበትን ደግሞ አስታውሱ። መዝሙሩን አያውቀውም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጉተመትማል። «ሃሌ ሉያ» የምትለዋ ስትመጣ ግን ጣራው እስኪነቀል ይጮሃል። በዓል በዓል ብቻ የሚሳለም ሰው ስንት እናውቃለን? ስብከቱ ሲረዝም እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ቀስ እያለ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለል ላይ ይደርሳል። እቴቴ «መቋሚያ ቢሰጡት ኖሮ አይወድቅም ነበር» አሉ። መኪናውንም እዩ። ያቺ አረንጓዴ ሚኒ የምትቆለፈው በሩ ላይ በተገጠመ ጓጉንቸር ነው። ቱሉ ዲምቱ ኑና የቆጣሪ ሳጥን፣ የውኃ ሮቶ፣ የጋራ ማብሰያ ቤቱ በር ሁሉ በምን እንደተቆለፈ ተመልከቱ። ገበያ ወጥቶ ዕቃው መኪናው ውስጥ አልገባ ሲለው የገዛው ሶፋ ጣራው ላይ ተጭኖ፣ እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መኪናዋን ከላይ ሆኖ ይነዳል። ዕጣ የወጣ ሰሞን እዚህ ሰፈር በአይሱዙ አናት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያልገባ ማን አለ?

ይህ የሚሆነው ለምክንያት ነው። አትኪንሰን ከፈረንሳዊው ከዣክ ታቲ መማሩን ተናግሯል። ታቲ በሙሴ ዩሎ ፊልሞቹ ወሬ ሳያበዛ በአካሄዱ ብቻ የሚያስቅ ሰው ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ቻርሊ ቻፕሊን አለ። ይህ የሳቅ ዘር ቋንቋ አይጠይቅም። ያፈረ ሰው፣ የዋሸና ሊያዝ የደረሰ ሰው፣ ወረፋ ሊቆርጥ የፈለገ ሰው የትም አገር አንድ ነው።

የመጨረሻው ክስ የራሳችንን ረሳን የሚለው ነው። እዚህ ላይ ልባቸው የት እንዳለ ይገባኛል። የኔም እዚያው ነው። ግን አልረሳንም። ያን ፊልም የሚጭነውን ልጅ «የደረጀና ሀብቴ አለህ? የልመንህ ታደሰ አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ያለው ከአሮጌ ካሴት ተቀድቶ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቁርጥራጭ ነው። ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። እሱንም ጫንኩና አየነው። ሚስተር ቢን ግን 15ቱም ክፍል ሙሉ፣ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ልዩነቱ የኛ ፍቅር ማነስ አይደለም። እነሱ አስቀመጡ፤ የኛው ግን በየመጋዘኑ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ አልተቀረጸም። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ስንት ሰው አስቆና አስለቅሶ አለፈ? አንድ ተዋናይ ዛሬ ወድደን ከሠላሳ ዓመት በፊት ምን እንደሠራ ለማየት ብንፈልግ የት እንሄዳለን?

የተቀመጠውን ግን አልተውነውም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረኩት ፍቅር እስከ መቃብር ስንት ጊዜ ተደግሞ ተሰማ? መጨረሻውን የማያውቅ አድማጭ ያለ ይመስል፣ እያንዳንዱን ጊዜ ሰው ሥራውን አቁሞ ነው የሚያዳምጠው። እቴቴ ያንን ድምፅ ዛሬም ከሩቅ ይለዩታል። እንግዲህ ጸሐፊው የሚጠሉት መድገምና የሚናፍቁት የራሳችን ነገር አንድ ላይ ነው ያሉት። ደጋግሞ የሚያይ ሰው ባይኖር ማን ያስቀምጠው ነበር?

እቴቴ የፊታችን እሑድ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፤ ደረጃውን በራሳቸው መውረድ ጀምረዋል። ትናንት ማታ ልንሰነባበት የጎረቤቴ ልጅ መጣ። መብራት ሄዶ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። «የልደቱን ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩት። ካርዱን አወጣ፣ ጻፈ፣ አሸገ። ልጁ ከጎናቸው ሆኖ ማውራት ጀመረ። እቴቴ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉና «ዝም በል አንተ፣ አሁን ፖስታውን ሊያገኘው ነው» አሉት።